ጥቁሩ ግድግዳ ጠጋ ሲል

እኔ የሳይንስ አስተማሪ ነኝ፤ ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለጉራ አይደለም፣ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ እንድታውቁልኝ ነው። ጎረቤቶቼ ስለ ቡዳ ማውራት ሲጀምሩ ሥራ አለብኝ ብዬ የምነሳ፣ ተማሪዎቼ ማታ ማታ ጅብ የሚሆን ሰው አለ ሲሉኝ ጅብን ሰሌዳ ላይ ስዬ የማስረዳ፣ ሕልም ባይ እንኳ ለማንም ሳልናገር ፊቴን ታጥቤ የምረሳ ሴት ነበርኩ። ነበርኩ ስል ደግሞ ተለውጫለሁ ማለቴ አይደለም፣ አሁንም ያው ነኝ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ የቀረው። ዛሬ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱኝ።

ደግሞ ድቅድቅ ጨለማ፣ የመቃብር ቦታ፣ የሚጮህ ጉጉት ብላችሁ እንዳትጠብቁ፣ የለም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ባህል አዳራሽ ሰፈር፣ ሰው በብስክሌት የሚያልፍበት፣ ጋሪው የሚንኳኳበት መንገድ ዳር። በጠራራ ቀን ማለት ይቻላል፣ ዝናቡ ባይኖር።

መጀመሪያ እትዬ ወይንሸትን ላስተዋውቃችሁ። ኢህአዴግ በገባ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነው ከአዲስ አበባ ወደ አዋሳ የመጡት፣ ያኔ ሁላችንም አዋሳ ነበር የምንላት። ሙያቸው ቅርጻ ቅርጽ ነው፣ ያውም በእንጨት። ሴት ልጅ ስዕል ትሳል እንጂ መጋዝ ምን ያደርግላታል በሚባልበት ጊዜ መጋዝ ይዘው የተማሩ፣ ከሴት የመጀመሪያዋ እሳቸው እንደነበሩ ሌላ ሰው ነው የነገረኝ፣ እሳቸውማ ስለ ራሳቸው አያወሩም። ሥራ ያቆመ ወፍጮ ቤት ተከራይተው፣ ዓይናቸውን ጥቁር አድርገው ተኩለው፣ የወንድ ሱሪ ታጥቀው፣ የፈረሰ ቤት ባለበት ሁሉ ይደርሳሉ። የመስኮት ክፈፍ፣ የአልጋ ራስጌ፣ የወንበር እግር፣ የተሰነጠቀ ሙቀጫ፣ የተጣለ ነገር ሁሉ ለሳቸው ወርቅ ነው። በሳጥን በሳጥን እያደረጉ ይደረድሩታል፣ ሳጥኑን በሳጥን ላይ እየጫኑ እስከ ጣሪያው ያደርሱታል፣ ከዚያ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ይቀቡታል። ሌላ ቀለም የለም። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ቀዳደው ጣውላ ላይ ሲለጥፉ እንኳ እሱንም ጥቁር ነው የሚያደርጉት። ለምን ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

«ቀለም ሲበዛ ሰው ቀለሙን አይቶ ይሄዳል» አሉኝ፣ «አንድ ብቻ ሲሆን እንጨቱ ራሱ ይታያል።»

አንድ ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ስለሚያስፈልገን። እትዬ ወይንሸት ሲሠሩ መጀመሪያ በሚስማር ይቸነክራሉ፣ በኮላ ያጣብቃሉ፣ ቀለሙ የሚመጣው ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ ነው። ስለዚህ እንጨትና እንጨት የተነካካበት ቦታ ቀለም አያገኘውም፣ እንደ ተፈጥሮው ቀርቶ ተደብቆ ይኖራል።

ሰፈሩ የእንጨት እብድ ይላቸው ነበር። እኔ ግን እወዳቸዋለሁ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎራ እላለሁ፣ ተሰብሮ የተጣለ የተማሪ ዴስክም ወስጄላቸው አውቃለሁ።

አሁን ወደ እድራችን ልውሰዳችሁ። ምሥራቅ ሰፈር ያለው እድራችን የፕላስቲክ ወንበር ገዛ። እንዴት ያለ ደስታ መሰላችሁ፣ ሰው እየተነሳ እየተቀመጠ ሲሞክረው አንድ ቀን ሙሉ ዋለ። ታዲያ አሮጌዎቹ አግዳሚዎች ምን ይሁኑ? የሰፈሩ ሰው ሁሉ ተራ በተራ አባቱን፣ ልጁን፣ ባሏን ያለቀሰባቸው ናቸው፣ የለቅሶ አግዳሚ ማን ፈልጦ ወጥ ይሠራበታል? ማንስ ሳሎኑ ያስገባዋል? ማንም እሺ አላለም። በመጨረሻ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ደሳለኝ፣ «ለዚያች ለእንጨት ሴትዮ እንስጣት፣ ቁም ሳጥን ትሥራበት» አሉና በጋሪ ተጭኖ ሄደ።

ቁም ሳጥን አልሠሩበትም። ከወፍጮ ቤቱ አንደኛው ግድግዳ ጋር፣ ሰው በሚቀመጥበት ከፍታ ላይ፣ የአግዳሚዎቹን መቀመጫ ጣውላ ጫፍ ለጫፍ አጋጥመው ከጥግ እስከ በሩ ዘረጉት። በላዩ ላይ አግዳሚውን የተሸከሙትን እግሮች፣ የበር መቃን፣ የአልጋ ቋሚ፣ አጭሩንም ረጅሙንም አቁመው ትከሻ ለትከሻ ቸነከሩት። ሁሉም ጥቁር። ከበሩ ገብታችሁ ስታዩት ሰው ተደርድሮ የተቀመጠ ነው የሚመስለው፣ ነጠላ የለው፣ ፊት የለው፣ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው። ሰፈሩ ይህን ሲሰማ ተንጫጫ፣ ለቅሶአችንን ግድግዳ ላይ ቸነከረችው እያለ። ጋሽ ደሳለኝማ አፍረው ለሳምንት ከቤት አልወጡም።

ይህ ሁሉ ሲሆን የድንበሩ ጦርነት አብቅቶ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ማቴዎስ ሰሜን ዘምቶ ነበር፣ ሌሎቹ አንድ አንድ እያሉ ሲመለሱ እሱ አልተመለሰም፣ ወሬም የለም። እናቴ ማታ ማታ የውጭውን በር ሳይቆለፍ ታሳድረዋለች፣ እኔ ተነስቼ እቆልፈዋለሁ፣ ጠዋት ሳየው ተከፍቷል።

አንድ ሐሙስ ጋሽ ደሳለኝ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ኮፍያቸውን አውልቀዋል። ያኔ ነው የገባኝ።

«ጠንከር በይ ልጄ» አሉኝ። «አብሮት የነበረ ልጅ መጥቷል። አንድ ተራራ ላይ ወደቀ ነው የሚለው። እሁድ ንጋት ላይ ሽማግሌዎቹን ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ለናትሽ እንዳትነግሪ፣ ፊትሽም እንዳያስታውቅ።»

መርዶ በኛ አገር እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ዘመድ አዝማዱ ያውቃል፣ ባለቤቱ ብቻ አያውቅም፣ እሱ ሳይነቃ ድንኳኑ ጎረቤት ግቢ ውስጥ ተጠቅልሎ ይጠብቀዋል። አርብ ቀን ከናቴ ጋር አንድ ገበታ ላይ ቀርቤ በላሁ። ምን እንደበላሁ አላውቅም፣ ጨው አነሰው ወይ አለችኝ፣ አላነሰውም አልኳት።

ቅዳሜ ጎረቤቶች መጥተው ግቢውን በዘዴ ማስተካከል ነበረባቸው፣ ዕቃ ዞር ዞር ማድረግ፣ ድንኳን የሚያርፍበትን ቦታ ማየት። እናቴን ከቤት ማውጣት የኔ ድርሻ ሆነ። ምን ብዬ ላውጣት እያልኩ ስጨነቅ እሷው ነጠላዋን ለብሳ መጣች።

«እስቲ ወደዚያች ሴትዮ ውሰጂኝ» አለችኝ፣ «አባትሽን ያለቀስኩበትን አግዳሚ ምን እንዳደረገችው ልየው።»

እናቴ የቱላ ልጅ ናት፣ አማርኛዋ ቀስ ያለ ነው፣ ልቧ ሲነካ ወደ ሲዳምኛ ትመለሳለች። በጋሪ ሄድን። መንገድ ላይ ዝናቡ ያዘን፣ ወፍጮ ቤቱ ስንደርስ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነበር፣ መብራትም ጠፍቷል። እትዬ ወይንሸት በሩን ገርበብ አድርገው በዚያ በኩል በሚገባው ብርሃን እጃቸው ላይ ያለውን ኮላ ይልጣሉ።

«ይግቡ እማማ፣ ይግቡ» አሉ ተነስተው። «ሊቆጡኝ ነው የመጡት አይደል?»

«አይቼ ነው የምቆጣው» አለች እናቴ።

ግድግዳው ፊት ለፊት ዱካ ሰጧት፣ ተቀመጠች። ብዙ አየችው። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ስለ ነገ አስባለሁ፣ ነገ በዚህ ሰዓት ይቺ ሴት ምን ትሆናለች እያልኩ፣ እንባዬን እውጣለሁ። እናቴ ግን አልተቆጣችም። «ቁጭ ብለዋል» አለች በመጨረሻ፣ ልክ ዘመድ እንዳየች።

ዝናቡ ድንገት ተወ። የኛን አገር ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ቧንቧ እንደዘጉት ነው የሚያቆመው። ከቆርቆሮው ጠርዝ የሚንጠባጠበው ብቻ ቀረ፣ ከዚያ እሱም ቀረ።

ያኔ ነው አንድ ሲጥ የሚል ድምፅ የሰማሁት። ከወዲያኛው ጥግ ነው፣ ከግድግዳው ዳር። እንጨት ነው አልኩ በልቤ፣ እርጥበት ሲያገኘው ያብጣል፣ ይንቋቋል፣ ይህንኑ እኮ ነው የማስተምረው። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛ ሲጥ አለ፣ ከመጀመሪያው ትንሽ ወደኛ ቀረብ ብሎ። ከዚያ ሦስተኛ። ድምፁ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ድምፅ ነው፣ እመኑኝ። አንድ ሰው ዘግይቶ ሲገባ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ ሲባል፣ አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ቂጡን አነሳ አድርጎ ወደ ጎን ሲል፣ ቀጥሎ ያለው ሲል፣ ቀጥሎ ያለው ሲል። በተራ፣ ያለ ጥድፊያ፣ ጨዋ ሰው እንደሚያደርገው። ሲጥ፣ ዝም። ሲጥ፣ ዝም። እየቀረበ መጣና እኔ የቆምኩበት በሩ አጠገብ ደርሶ ቆመ።

 ዞሬ እንዳይ አንገቴ አልታዘዝ አለኝ። እናቴ ከተቀመጠችበት፣ «ቦታ ለቀቁ» አለች፣ በሲዳምኛ ነው ያለችው፣ ድምጿ ውስጥ ምንም ድንጋጤ የለም።

እትዬ ወይንሸት ኮላቸውን ጥለው መጡ። «እንጨት ነው እማማ፣ እንጨት ነው፣ አየሩ ሲቀየር ይንቋቋል» እያሉ ጎንበስ ብለው የግድግዳውን ጫፍ አዩት። እኔም ያኔ አየሁት። በዚያ ሁሉ ጥቁር መሃል፣ በበሩ በኩል ባለው ጫፍ፣ ጣውላው ላይ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍት ቦታ አለ። ቦታው ቀለም የለውም። ንጹሕ፣ ቢጫ፣ ያልተቀባ እንጨት። ስንገባ አልነበረም፣ እዚያው አጠገቡ እኮ ነው የቆምኩት፣ ነጠላዬ ነክቶታል።

እትዬ ወይንሸት ዳር ላይ ያለውን ቋሚ ይዘው ወዘወዙት። አልተነቃነቀም። ሚስማሩን በጣታቸው ፈለጉት፣ ቦታው ላይ ነው፣ አልጎበጠም፣ አልተነቀለም። መዶሻ አመጡ፣ በመዶሻ መቱት፣ ንቅንቅ የለም።  «እርጥበት ነው» አሉ እንደገና፣ ግን እኔን ነበር የሚያዩት፣ አንቺ አስተማሪ ነሽ በይ ንገሪኝ በሚል ዓይን። እንጨት በእርጥበት ስንት እንደሚሰፋ አውቃለሁ፣ የጸጉር ያህል ነው፣ የሰው መቀመጫ ያህል አይደለም። 

እናቴ ተነስታ መጣችና እጇን ያልተቀባው ቦታ ላይ አሳረፈች። «ሞቅ ይላል» አለች። እኔ አልነካሁትም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ልጅ፣ ለቅሶ ቤት አግዳሚ ላይ የሞተ ሰው ይቀመጣል እንዴ?»

«አይቀመጥም።»

«ማነው የሚቀመጠው?»

«ያለ ሰው ነዋ እማዬ፣ ሊያስተዛዝን የመጣ፣ ሊያለቅስ የመጣ።»

«ስለዚህ ይመጣል» አለች። ፊቷ እንዴት እንደበራ ልነግራችሁ አልችልም። «ሂጂና ለደሳለኝ ንገሪው፣ ነገ ጠዋት እንዳይመጣ። ድንኳኑንም ከነወይዘሮ አበበች ግቢ ያውጣ፣ ዝናብ ያበሰብሰዋል።»

አፌን ያዝኩ። አንድ ቃል አልነገርኳትም፣ ማንም አልነገራትም፣ ግን ሁሉንም ታውቅ ነበር። ሁለታችንም በየፊናችን ስንደባበቅ ነው የአርቡን ምግብ የበላነው። እዚያው ቆሜ ሆዴ እስኪያመኝ አለቀስኩ፣ እሷ ጀርባዬን መታ መታ እያደረገች።

ስረጋጋ ግን አንድ ጥያቄ መጣብኝ፣ ምን አለ ዝም ብል ኖሮ። «እማዬ፣ እሱ ይመጣል እንበል፣ ለማን ለቅሶ ነው ታዲያ የሚቀመጠው?»

ነጠላዋን አስተካክላ ሳቅ አለች። «እሱን ደግሞ አንቺ ምን አስጨነቀሽ» አለችኝ።

ጋሽ ደሳለኝ ጋ ስሄድ እራታቸውን እየበሉ ነበር። አትምጡ ስላቸው ጉርሻው እጃቸው ላይ ቀረ።

«መርዶ የሰርግ ጥሪ መሰለሽ የሚሰረዘው? ሽማግሌ ተጠርቷል፣ ሰው ሁሉ ተነግሮታል!»

እንጨት ጠጋ አለ ብዬ ልነግራቸው ነው? አልነገርኳቸውም። «አብሮት የነበረው ልጅ ሲወድቅ አየሁት ነው ያለው ወይስ ሲቀበር?» አልኳቸው፣ አስተማሪነቴን ይዤ።

«ሲወድቅ።»

«እንግዲያው ይጠብቁን።»

ጉርሻውን መልሰው ሳህኑ ላይ አደረጉት። «የናንተ ቤት ሰው ችክ ነው» አሉኝና እሁድ አልመጡም። ሰፈሩ ለወራት በሐዘኔታ እያየን አለፈ፣ የልጇን መርዶ እንቢ ያለች ተባለች እናቴ። እሷ ግን ዓመቱን ሙሉ ደህና ነበረች፣ እንደዚያ ቀለል ብሏት አይቻት አላውቅም፣ የውጭውን በር መክፈት ትታ በጊዜ ትተኛ ነበር።

በዓመቱ አካባቢ አንድ ጠዋት ቁርስ ልሰጣት ገብቼ ስቀሰቅሳት አልነቃችም። ሕመም አልነበራትም። እንደተኛች ነው።

ድንኳን ተተከለ። በሦስተኛው ቀን ሌላ መንደርም ለቅሶ ስለነበር የፕላስቲክ ወንበሩ ለሁለት ተከፈለና አልበቃ አለ፣ ከትምህርት ቤታችን የእንጨት አግዳሚ አስመጣሁ። እትዬ ወይንሸት ከኔ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሰው ሁሉ ዝም ባለበት ሰዓት፣ አንድ የከሳ ሰው ትንሽ ቦርሳ አንጠልጥሎ ድንኳኑ በር ላይ ቆመ። ወንድሜ ነው፣ ተማርኮ ኖሯል። ከሩቅ ድንኳኑን ሲያይ የኔን ለቅሶ እየተቀመጡ ነው ብሎ አስቦ እንደነበር በኋላ ነገረኝ፣ ሳልሞት ደርሼላቸው ሊስቁ ነው ብሎ እየተጣደፈ ነው የመጣው። እናታችን እንደሞተች የገባው እኔን ሲያይ ነው። እሪታው ምን እንደነበር አልነግራችሁም፣ ሁላችሁም የራሳችሁን ታውቃላችሁ።

የምነግራችሁ ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ጩኸቱ ሲበርድ ጋሽ ደሳለኝ ማቴዎስን ደግፈው ወደ አግዳሚው አመጡት፣ «ጠጋ ጠጋ በሉለት» አሉ። ከወዲያኛው ጥግ አግዳሚው ሲጥ አለ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው። ከዚያ ቀጥሎ ያለው። በተራ፣ ያለ ጥድፊያ፣ እየቀረበ መጥቶ በሩ አጠገብ ቆመ፣ ወንድሜ እዚያ ተቀመጠ። ቀና ስል የእትዬ ወይንሸት የተኳሉ ዓይኖች እኔ ላይ ናቸው። ሁለታችንም ወዲያው ወደ መሬት አየን።

በማግስቱ ወፍጮ ቤታቸው ሄጄ ነበር። ክፍቱ ቦታ የለም። ቋሚዎቹ እንደ ድሯቸው ትከሻ ለትከሻ ናቸው፣ ቢጫ ነገር አይታይም፣ ጥቁር ብቻ። «ሠርተውት ነው?» አልኳቸው። «አልነካሁትም» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አላነሳንም፣ እሳቸውም ሥራቸውን ቀጠሉ፣ ስማቸውም እየተጠራ ሄደ፣ ከአዲስ አበባ ድረስ ግድግዳውን ሊያዩ የሚመጡ ነበሩ፣ ሊገዛው የመጣም ነበር፣ አልሸጡትም።

ወንድሜ አገባ፣ ወለደ። እኔም ባሌን ቀበርኩ፣ ልጆቼን አሳደግኩ። ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም ዩኒቨርሲቲ ገብተው በየአቅጣጫው ሄደዋል፣ አንዱ ወደ ሰሜን አንዷ ወደ ምሥራቅ። ያንን ቅዳሜ ዝናብ ነበር፣ ሐዘን ነበር፣ ዓይንም ጆሮም ይሳሳታል እያልኩ ኖሬያለሁ፣ ብዙውን ጊዜም አምነዋለሁ።

ባለፈው ወር እትዬ ወይንሸት ሰው ላኩብኝ። አርጅተዋል፣ በከዘራ ነው የሚሄዱት። ስደርስ በር ላይ ቆመው ነው የጠበቁኝ፣ አብረውኝ አልገቡም። ብቻዬን ገባሁ። በበሩ በኩል፣ በጥቁሩ ጫፍ፣ ንጹሕ ቢጫ እንጨት። ከበፊቱ ይሰፋል። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያስቀምጣል።

እናቴ ብትሆን ደስ ይላት ነበር። ልጆቼ በሕይወት ይኖራሉ፣ ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ ማለት ነው፣ አንዲት እናት ከዚህ ሌላ ምን ትፈልጋለች? እኔም ደስ ብሎኛል፣ እውነቴን ነው። ዕቃዬን ሰተር አድርጌያለሁ፣ ቤቱ በስማቸው እንዲሆን ጨርሻለሁ፣ ወንድሜን ሳልጠይቅ የሚያልፍ ሳምንት የለም። እንቅልፌም ደህና ነው።

ትናንት ማታ ልጆቼ ደወሉ። ተነጋግረው ኖሯል፣ እናስደስታት ብለው ነው፣ ለበዓል ሁለታችንም አብረን እንመጣለን አሉኝ። 

«ምን አስቸኮላችሁ ልጆቼ» አልኳቸው።